ጣቱ የእሷ ነው፤ ጠይቃት!

የእጮኝነት ቀለበትን መምረጥ ያለባት የምታጠልቀው ሴት ናት። አለቀ። ይህን ስል በየቤተ ዘመዱ ስንት ፊት እንደሚጠቁር አውቃለሁ። ይጥቆር። «ስጦታ እየተጠየቀ ይሰጣል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። «ሰርፕራይዙስ?» የሚልም አለ። «ራሷ መርጣ? ምን ያለች ዓይን አውጣ ናት!» የምትል አክስትማ በየቤታችን አለች። ለሦስቱም መልስ አለኝ። እናንተም መልሱን ታውቁታላችሁ፤ ይሉኝታ ይዟችሁ ነው እንጂ።

አሁን አሁን በአዲስ አበባ ሆቴሎች የሚደረገውን ተመልከቱ። አዳራሹ ተይዟል። ፊኛው ተነፍቷል። «ታገቢኛለሽ?» የሚል መብራት ቆሟል። ጓደኛ ሁሉ ስልኩን ደግኗል። ቪዲዮ አንሺው ከየት በኩል እንደሚቀርጽ ተማክሯል። ዲጄው የትኛውን ዘፈን መቼ እንደሚለቅ ተነግሮታል። ኬክ ጋጋሪዋ እንኳ ስለ ክሬሙ ቀለም ሐሳብ ሰጥታለች። ያልተጠየቀች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ያንን ቀለበት ዕድሜ ልኳን የምታጠልቀው ሴት። ታዲያ ይህ ሁሉ ሽር ጉድ ለማን ነው? ለእሷ ነው ወይስ ለተመልካች?

«ከወደዳት ሳይጠይቅ ያውቃታል» ትሉኛላችሁ። ያውቃታል? አንዱ እጮኛው ነርስ መሆኗን ያውቃል፤ በቀን ስንት ጊዜ ጓንት እንደምታጠልቅና እንደምታወልቅ ግን አስቦ አያውቅም። ሄዶ የሚገዛላት ድንጋዩ ሽቅብ የቆመ፣ ዙሪያውን በሾሉ የወርቅ ጥፍሮች የተያዘ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ጓንቱን ይቀድዳል። ከድንጋዩ ሥር የሚጠራቀመውን ቆሻሻ ሳሙና በደንብ አይደርስበትም። ጠዋት ታወልቀዋለች፣ ማታ ትረሳዋለች፣ ውሎ አድሮ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ርካሽ የጆሮ ጌጥ ባደረገች ቁጥር ጆሮዋ እንደሚቆጣ በዓይኑ እያየ ነጭ ወርቅ ይገዛላታል። አንዳንዱ ነጭ ወርቅ ኒኬል አለበት፤ ኒኬል ደግሞ የብዙ ሰው ቆዳ የማይችለው ብረት ነው። ሊጥ ለምታቦካ፣ ልብስ ለምታጥብ፣ ሕፃን ለምታቅፍ ሴት የሚሆናት ድንጋዩ ወርቁ ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ፣ ጠርዙ የለሰለሰ ቀለበት ነው። ይህን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት አያስኬድም። አንድ ጥያቄ ይበቃል።

ድንጋዩስ? «የአገሬን ድንጋይ ላድርግላት» የሚል ወንድ ደስ ይለኛል። ግን የትኛውን? ከወሎ ደላንታ የሚወጣው ኦፓል ውበቱ ልብ ይሰርቃል። ሆኖም ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞህስ መለኪያ 6 አካባቢ ነው፤ አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ 7 ስለሆነ ይቧጭረዋል። ውሃም ይጠጣል። እጇን ስትታጠብ ውሃ ከገባበት እስኪደርቅ ድረስ የቀለም ጨዋታው ሊደበዝዝ ይችላል። ለአንገት ሐብል ግሩም ነው፤ ዕቃ ለሚያጥብ ጣት ግን አይሆንም። የሻኪሶው ኤመራልድ ጠንከር ይላል፤ ግን ኤመራልድ በተፈጥሮው ውስጡ ስንጥቅ ስለማያጣ ግጭት ይፈራል። በአክሱም አካባቢ የሚገኘው ሳፋየር 9 ነው፤ ከእሱ የሚበልጠው አልማዝ ነው። እንግዲህ ለየትኛዋ ሴት የትኛው? መልሱ ያለው ወርቅ ሻጩ ጋ አይደለም። እሷ ጋ ነው፤ ምን ሠርታ እንደምትውል፣ ቀለበቷን የምታወልቅ ወይም የማታወልቅ መሆኗን የምታውቀው እሷ ናት።

እኔና የዛሬው ባለቤቴ ቀለበት ልንመርጥ አንድ ወርቅ ቤት ገባን። ባለሱቁ ትሪውን አውጥቶ ከባለቤቴ ፊት አኖረው። «ድንጋይ የሌለበት፣ ዝቅ ያለ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱን ለእሱ ሰጠ። «ወንድሜ፣ ይሄኛው ይሻልሃል፤ ፎቶ ላይ ጎልቶ ይታያል» አለው። ጣቴ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ማንም አላየውም። ወጥተን ሌላ ወርቅ ቤት ገባን። በመጨረሻ የመረጥኩት ልሙጥ የወርቅ ቀለበት ነው፤ ስጽፍም፣ ሳበስልም፣ ስተኛም አይወልቅም። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ቤት ደረሰ። «የዛሬ ልጆች! ሙሽራ ራሷ ወርቅ ቤት ትሄዳለች?» ተባልኩ።

ማን አለኝ መሰላችሁ? እነዚያው ለሠርጉ ቀሚስ ሽሮ ሜዳን ከላይ እስከ ታች አብረውኝ የዞሩት! ጥለቱ ምን ዓይነት ይሁን? ጠየቁኝ። ቀለሙስ? ጠየቁኝ። ልብስ ሰፊው ወገቤን ለካ፣ ደገመ፣ ቀሚሱን አስለብሶ አስተካከለ። ያ ቀሚስ የተለበሰው አንድ ቀን ነው። ለአንድ ቀን ልብስ ሙሽራዋ ብትጠየቅ ወግ ነው፤ ለዕድሜ ልክ ቀለበት ብትጠየቅ ነውር ነው። ይህን የሚያስታርቅ ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

«ባህላችን ነው» እንዳትሉኝ። በባህላችን ሽማግሌ ተልኮ፣ ጉዳዩ በአደባባይ ንግግር ተደርጎበት፣ ጥሎሹም በምስክር ፊት ተቆጥሮ ነው ጋብቻ የሚቆመው። መነጋገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዚያ ሁሉ ንግግር መሐል የማትጠየቀው ልጅቷ ነበረች፤ ያ ነውር ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ጋብቻ የለም ብሏል። ትዳሩ ውስጥ ለመግባት ፈቃዷን ሕግ ይጠይቃል። አንተ ለጣቷ ፈቃዷን መጠየቅ ከበደህ?

ባህሉ የማን እንደሆነም እንነጋገር። ቀለበት ካለ አልማዝ መኖር አለበት የሚለውን እምነት በዓለም ላይ ያስፋፋው ዲ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ ነው። «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለው መፈክር እ.ኤ.አ. በ1947 በማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ የሁለት ወር ደመወዝ ለቀለበት ማውጣት ተገቢ እንደሆነ ያው ኩባንያ ሰበከ። የነጋዴ መፈክር እኛ ዘንድ ሲደርስ የፍቅር መለኪያ ሆኖ ቁጭ አለ።

ስለዚህ ልጁ ይበደራል። ዕቁቡን ተለማምጦ ቀድሞ ይወስዳል። ከወንድሙ ይለቅማል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ከሠርጉ በኋላ ዕዳው የሚከፈለው ከጋራ ኪስ ነው። ከወር አስቤዛው ላይ የሚቀነሰው ገንዘብ ከእሷም ጉሮሮ ነው የሚቀነሰው። ሳትመርጥ የተገዛላትን ስጦታ ዋጋ ራሷ ትከፍላለች። ይህን የሚነግራት አለ?

አንዷን ሴት ጠይቋት እስቲ። ጅዳ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ለፍታ የተመለሰችውን። ወርቅን ከአንተ በላይ ታውቃለች። 18 ካራት 75 በመቶ ወርቅ እንደሆነ፣ 21 ካራት ደግሞ 87.5 በመቶ እንደሆነ አትነግራትም፤ ትነግርሃለች። ወርቅ ሲሸጥ የሚመዘነው ግራሙ እንደሆነ፣ ድንጋዩ እንደሚቀነስ፣ የእጅ ዋጋው ቀልጦ እንደሚቀር ታውቃለች። ለእሷ ወርቅ ክፉ ቀን መውጫ ነው። ጠፍጣፋ፣ ከበድ ያለ፣ ድንጋይ አልባ ባለ 21 ካራት ትመርጥ ይሆናል። ሌላዋ ደግሞ ቀጭን ቀለበት ላይ አንዲት ትንሽ ድንጋይ ትወዳለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልክ ያልሆነው ሳይጠይቅ የገዛው ነው።

ለወንዱም ያው ነው። በእስልምና ወርቅ ለወንድ አይፈቀድም፤ ብር ይፈቀዳል። ሙስሊም ሙሽራ ሳይጠየቅ የወርቅ ቀለበት ቢገዛለት ምን ያድርገው?

እናንተም ሴቶች አትቀሩም! «ከወደደኝ ያውቃል» ብላችሁ ዝም ትላላችሁ። ከዚያ ለጓደኛችሁ የቀለበት ፎቶ ልካችሁ «እንደ ድንገት ንገሪው» ትላላችሁ። አፍ የላችሁም? የምትፈልጉትን መናገር ስግብግብነት አይደለም። «ትንሽ ይበቃኛል፣ አትበደር» ለማለትም እኮ መናገር ያስፈልጋል።

ሰርፕራይዝ ከወደድክ ቀኑን ደብቅ፣ ቦታውን ደብቅ፣ እናቷን ከክፍለ ሀገር አምጥተህ ደብቅ። ቀለበቱን ግን አትደብቅ። ተኝታ ሳለ ጣቷን በክር መለካት ምን ይሉታል? ጣት በሙቀት ያብጣል፣ በብርድ ይሰልላል፤ የቀኝና የግራው እንኳ እኩል አይሆንም። ይዘሃት ሂድ፤ ወርቅ ሠሪው ራሱ ይለካት።

እኔን የሚያንገበግበኝ የቀለበቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚያ ሁሉ ካሜራ ፊት «አልወደድኩትም» ማለት የምትችል ሴት ማን ናት? እያለቀሰች ታቅፈዋለች፤ ሁሉም ያጨበጭባል። የትዳሯ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፤ ያልወደድሽውን ዋጥ አድርገሽ ፈገግ በይ። ነገ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ እናቱ አብሮ መኖር ጥያቄ ሲመጣ በየትኛው አንደበቷ ልትናገር ነው? አንተስ በየትኛው ጆሮህ ልትሰማ ነው? አስቸጋሪውን ነገር መነጋገር የሚለመደው ቀላሉን በመነጋገር ነው። ከቀለበት የሚቀል ምን አለ?

እንግዲህ ፊኛውን ከመንፋትህ በፊት፣ አዳራሽ ከመያዝህ በፊት፣ ከማንም ከመበደርህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቃት፤ «ምን ዓይነት ቀለበት ትወጂያለሽ?» በላት። ይህችን መጠየቅ ካቃተህ «ታገቢኛለሽ?» ለማለት ገና ነህ።