ማን ቀመመው? መቼ?

በማደሪያችን ነጭ ቅባት የያዘች አንዲት የፕላስቲክ ብልቃጥ ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ከአልጋ ወደ አልጋ ስትዞር ኖረች። መጀመሪያ የተሰጠችው በእግሩ ጣቶች መካከል ፈንገስ ላስቸገረው ጓደኛችን ነው፤ አንድ መድኃኒት ቤት ቀምሞ ሰጠው። እርሱ ሲድን መስኮት ላይ አኖራት። ሌላው ተረከዙ ሲሰነጠቅ ተቀባት፤ ሌላው ለክርኑ ወሰዳት። በመጨረሻ አንዱ ቫዝሊን መስላው ሳምንት ያህል ፊቱን ሲቀባ ሰነበተና ቆዳው ቀልቶ ተላጠ። ብልቃጧን አገላብጠን ብናይ «በቀን ሁለት ጊዜ» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈባትም።

የክፍሉ ልጆች ሳቁ፤ የፋርማሲ ተማሪ የሆንሁት እኔ ግን «ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ አፈርሁ። ለእግር ፈንገስ ብዙ ጊዜ የሚቀመመው ዊትፊልድ የሚባለው ቅባት ነው፤ ከመቶ 6 እጅ ቤንዞይክ አሲድ፣ ከመቶ 3 እጅ ሳሊሲሊክ አሲድ አለበት። የሳሊሲሊክ አሲድ ሥራ ደግሞ የደደረ ቆዳ መላጥ ነው። ነገር ግን ያ ቅባት ዊትፊልድ ይሁን ሌላ ማን ያውቃል? ጥንካሬውስ ስንት ነው? ይህን የሚያውቀው የቀመመው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ስሙን አልጻፈም።

እንግዲህ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በበኩሌ የምለው ይህ ነው፦ ስሙ፣ መጠኑ፣ የተቀመመበትና የሚጣልበት ቀን፣ የቀማሚውም ፊርማ የሌለበት መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት ደጅ መውጣት የለበትም።

ከፋብሪካ የሚመጣው መድኃኒት እስከ መቼ እንደሚቆይ ተፈትኖ፣ ቀኑ ታትሞበት ይመጣል። በሙቀጫና በስፓቱላ የምናዘጋጀው ግን ያን ፈተና አላለፈም፤ ቀኑን የምንቆርጠው እኛው ነን። ለዚህም ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ውኃ ነው። በቫዝሊን ብቻ የተለወሰ ቅባት ውኃ ስለሌለበት ተሕዋስያን በቀላሉ አይራቡበትም። ክሬም ግን ውኃና ዘይት ተዋሕደው የሚሠራ ነው፤ ለልስላሴው የወደድነውን ያንኑ ውኃ ሻጋታና ባክቴሪያም ይወዱታል። ሽሮፕም እንዲሁ ነው፦ ስኳሩ ሲወፍር ተሕዋስያንን ያግዳል፤ ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ተብሎ በውኃ ሲቀጥን ይቦካል። የአሜሪካ ፋርማኮፒያ የተለየ ጥናት ላልተደረገለት ቅመም ያስቀመጠው ወሰን፣ ማቆያ ላልገባበት ውኃማ መድኃኒት በፍሪጅ 14 ቀን፣ ማቆያ ለገባበት 35 ቀን፣ ውኃ ለሌለበት ቅባት ቢበዛ 180 ቀን ነው። መብራት በሚጠፋበት፣ ፍሪጅም በሌለበት ቤት 14ቱን ቀን ማመን አይቻልም፤ ትንሽ ትንሽ እየቀመሙ ቶሎ ቶሎ መስጠት ይሻላል። (በጣት እየዛቁ መቀባት ሌላ ጣጣ ነው፤ አፈ ሰፊ ብልቃጥ ከመስጠት ቱቦ መስጠት የሚመረጠው ስለዚህ ነው።) ክኒን ተፈጭቶ ለሕፃን በፈሳሽ ሲሰጥ ደግሞ ዱቄቱ ይዘቅጣል። «ከመስጠትዎ በፊት ይነቅንቁ» ተብሎ ካልተጻፈ ሕፃኑ በመጀመሪያው ቀን መድኃኒት የሳሳበት ውኃ፣ በመጨረሻው ቀን ከልክ ያለፈ መድኃኒት ይጠጣል።

መዝገብስ ለምን ያስፈልጋል? እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ አንድ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በፈሳሽ ለመሸጥ ብሎ ዳይኢቲሊን ግላይኮል በተባለ መርዝ አሟሟው። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ጥፋቱ የፋብሪካ ቢሆንም እኛን የሚመለከተው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከተሠራው 240 ጋሎን ውስጥ 234 ጋሎን ያህሉ የተሰበሰበው ተቆጣጣሪዎች የመላኪያ ሰነዱንና የመድኃኒት ቤቱን መዝገብ እያገላበጡ፣ ከገዢ ወደ ገዢ እየሄዱ ስለ ፈለጉት ነው። ያው መርዝ እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ለሕፃናት በተሰጠ የሳል ሽሮፕ ውስጥ ተገኝቷል። እኛስ ግሊሰሪኑን ከየትኛው ጀሪካን እንደ ቀዳን ካልጻፍን፣ ነገ ጉድለት ቢገኝበት የማንን ቤት እናንኳኳለን?

«በሽተኛው አያነብም፤ ሰልፉም ረጅም ነው» የሚሉ አሉ። በሽተኛው ባያነብ የሚያነብለት ልጅ፣ ነርስ ወይም ጎረቤት አያጣም። የሰልፉ ርዝመት እውነት ነው፤ ለልምምድ በወጣሁ ጊዜ አይቼዋለሁ። ቢሆንም አምስት መስመር መጻፍ ቅባቱን ከመለወስ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

ነቀፋው እኛንም ይነካል። በቤተ ሙከራ ለማርክ ስንቀምም ወረቀቱን አሳምረን እንለጥፋለን፤ መምህሩ ማርኩን ከሰጠ በኋላ ቅባቱ ይጣላል። ሰው ወደሚቀባው መድኃኒት ስንሄድ ግን ልማዱን ቤተ ሙከራ ትተነው እንወጣለን። ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር ይጠይቅልን፦ ለተማሪዎች የሚታደል የተቀመመ መድኃኒት ሁሉ ሙሉ ጽሑፍ ተለጥፎበት እንዲሰጥ፣ በልምምድ ላይ ያለ ተማሪም የቀመመውን በመዝገብ ፈርሞ እንዲያስረክብ። ቅጹን አዘጋጅቶ የሚያባዛ ሰው ከጠፋ እኔና ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ፈቃደኞች ነን።