ውኃ በኮርኒስ ውስጥ፤ ወጪውና ጥቅሙ

እሳት ለሰው ልጅ ኑሮ እጅግ ጠቃሚ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነው፤ ከቁጥጥር ውጭ የወጣ ዕለት ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም። ይህን አደጋ ለመከላከል ከተፈለሰፉት ዘዴዎች መካከል በአሜሪካ አገር ብዙ ክርክር ያስነሣው፣ በመኖሪያ ቤት ኮርኒስ ውስጥ የሚዘረጋው ውኃ ረጪ መሣሪያ ወይም ስፕሪንክለር ነው። አንደኛው ወገን «አዲስ ቤት ሁሉ ያለዚህ መሣሪያ መሠራት የለበትም» ሲል፣ ሌላው ወገን ደግሞ «የቤት ዋጋ ከማናር በቀር የሚፈይደው የለም» ይላል። እኔ የፊተኛውን ወገን አሳብ እደግፋለሁ። ሆኖም ድጋፌ ያለ ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙው ተቃውሞ የሚመነጨው ካለማወቅ ነው። አሳቡ አዲስ አይደለም። ሄንሪ ፓርሜሊ የተባለ አሜሪካዊ የፒያኖ ፋብሪካውን ከቃጠሎ ለመጠበቅ ሲል በ1874 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መሣሪያውን ሠራ፤ ፍሬድሪክ ግሪኔል ደግሞ በ1881 ዓ.ም. አሻሻለው። ዛሬ በብዙ ቤቶች የሚገባው ዓይነት እንዲህ ነው፤ ውኃ የተሞላ ቧንቧ በኮርኒሱ ውስጥ ይዘረጋል፤ በየክፍሉም አፍ ይበጅለታል። አፉን ዘግቶ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ነው። በአፉ ዙሪያ ያለው ሙቀት 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲደርስ ፈሳሹ ይስፋፋና ብልቃጡን ይሰብረዋል፤ ያን ጊዜ ውኃው ይረጫል። ስለዚህ የሚከፈተው ለእሳቱ ቅርብ የሆነው አፍ ብቻ ነው። አንድ ሰው ሲጋራ ሲያቀጣጥል የሕንፃው አፎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ውኃ ሲያዘንቡ በሲኒማ የሚታየው ትርኢት ሳቅ ለመፍጠር የታሰበ እንጂ እውነተኛ አይደለም።

የክርክሩ እምብርት ጊዜ ነው። የቀድሞ ቤቶች ዕቃ ከእንጨት፣ ከጥጥና ከሱፍ የተሠራ ስለነበረ እሳት በዝግታ ይበላው ነበር። የዛሬው ሶፋና ፍራሽ ግን ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ በተሠራ ስፖንጅና ጨርቅ የተሞላ ነው። በአሜሪካ የተደረጉ የቃጠሎ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ በዘመናዊ ዕቃ የተሞላ ሳሎን ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ነበልባል ሲሆን፣ በቀድሞ ዓይነት ዕቃ የተሞላው ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ እሳቱን አይቶ፣ ስልክ ደውሎ፣ የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ መጠበቅ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ መገመት አያዳግትም። በእንዲህ ያለ ቤት መኪናው ምንም ቢፈጥን ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። ውኃ ረጪው ግን ቀድሞውኑ በክፍሉ ውስጥ ያለ ዘበኛ ነው።

ጥቅሙን በቁጥር ለማየት ከማሪላንድ ግዛት የፕሪንስ ጆርጅስ አውራጃ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። አውራጃው ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የሚሠራ የአንድ ቤተ ሰብ ቤት ሁሉ ውኃ ረጪ እንዲኖረው በሕግ አዘዘ። በቀጠሉት 15 ዓመታት በአውራጃው መሣሪያው በሌለባቸው ቤቶች 101 ሰዎች በቃጠሎ ሲሞቱ፣ መሣሪያው ባለባቸው ቤቶች አንድም ሰው አልሞተም። ይህ ቁጥር አንደበት የሚያስዘጋ ይመስላል። ነገር ግን ሚዛናዊ ሰው አንድ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል። መሣሪያው ያለባቸው ቤቶች አዳዲሶች ናቸው፤ የኤሌክትሪክ መስመራቸው ያላረጀ፣ የጭስ ደወላቸው የሚሠራ፣ ባለቤቶቻቸውም የተሻለ ገቢ ያላቸው ናቸው። የሟቾቹ ቁጥር ልዩነት ሁሉ የመሣሪያው ውጤት ነው ማለት ስለዚህ ማጋነን ይሆናል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በመላ አገሪቱ ያጠናቀረው መረጃም፣ ውኃ ረጪ ባለባቸው ቤቶች በቃጠሎ የመሞት ዕድል ከ80 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ ያመለክታል። ከዚህ ላይ ለቤቱ አዲስነት የሚገባውን ያህል ቢቀነስ እንኳ የሚተርፈው ጥቅም ብዙ ነው።

ተቃዋሚዎች የሚያቀርቡት ጠንካራው መከራከሪያ የጭስ ደወል ነው። ደወሉ ዋጋው ጥቂት ዶላር ሲሆን የመሞትን ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ታዲያ በትንሽ ገንዘብ ይህን ያህል ከተገኘ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ለምን ያስፈልጋል? ይላሉ። መልሱ ደወል የሚቀሰቅስ እንጂ የሚያጠፋ አለመሆኑ ነው። ደወሉን ሰምቶ ሮጦ የሚወጣው ጤነኛና ጎልማሳ የሆነ ሰው ነው። ሕፃን፣ አልጋ የያዘ በሽተኛ፣ ጉልበት የከዳው አዛውንት ደወሉን ቢሰሙም መሸሽ አይችሉም።

ይህ ነገር ለእኛም ባዕድ አይደለም። በማሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ከአገር ቤት ሄደው በፎቅ ላይ ክፍል የሚያድሩ አያቶች አሉ። በእኩለ ሌሊት የሚጮኸው ነገር ምን እንደሆነ ያልተነገራቸው እኒህ እናት ወዴት ይወጣሉ? ደግሞም ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ደወሉ እየጮኸ ስላስቸገረ ባትሪውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አይጠፋም። ውኃ ረጪው የሚከፈተው በሙቀት እንጂ በጭስ ስላልሆነ ከቡናም ከዕጣንም ጋር ጠብ የለውም።

ወጪውስ ምን ያህል ነው? ከላይ ከተጠቀሰው ማኅበር ጋር የተያያዘ አንድ የምርምር ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በአዲስ ቤት መሣሪያውን ለማስገባት በአማካይ ለአንድ ካሬ ጫማ 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ይፈጃል። 200 ካሬ ሜትር ስፋት ላለው ቤት 2,900 ዶላር ያህል ይሆናል ማለት ነው። ገዢው ይህን ገንዘብ በ6 በመቶ ወለድ በ30 ዓመት ቢከፍለው በወር ከ18 ዶላር ያነሰ ይደርስበታል። እርግጥ ነው፣ ጥናቱን ያወጣው የመሣሪያው ደጋፊ ነው፤ ቤት ሠሪዎች ደግሞ ወጪው ከዚህ በጣም ከፍ እንደሚል ይናገራሉ። በአንድ ነገር ግን እውነት አላቸው። የከተማ ውኃ በማይደርስበት ገጠር፣ ቤቱ የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀም ከሆነ፣ ለ10 ደቂቃ የሚበቃ ወደ 1,000 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያና ፓምፕ ያስፈልጋል። ብርድ በሚበረታበትም አገር ውኃው በቧንቧው ውስጥ እንዳይረጋ መጠንቀቅ ግድ ነው። ይህ ሁሉ ዋጋውን ከአማካዩ በላይ ያደርሰዋል።

«ውኃው ንብረት ያበላሻል» የሚለው ተቃውሞ ግን ብዙ የሚያከራክር አይደለም። የአንድ አፍ ፍሳሽ በደቂቃ ከ38 እስከ 95 ሊትር ያህል ሲሆን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቦ በደቂቃ 400 ሊትርና ከዚያም በላይ ይለቃል። የረጠበ ምንጣፍ ይደርቃል።

በዚህ ጉዳይ ሕግ አውጪዎችም ተከፋፍለዋል። ካሊፎርኒያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዳዲስ ቤቶች መሣሪያውን ግዴታ አድርጋለች፤ ማሪላንድም እንደዚሁ። ፔንሲልቬንያ ግን በዚያው ዓመት በጥር ወር ሥራ ላይ ያዋለችውን ሕግ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሻረችው። ከአሜሪካ ውጭ ደግሞ ዌልስ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ መኖሪያ ቤት ሁሉ እንዲገባ አዛለች። ሻሪዎቹ የሚሉት «ቤት ገዢው ራሱ ይምረጥ» ነው። አባባሉ ለነፃነት የቆመ ይመስላል፤ ነገር ግን ቤቱን የሚሠራው ሰው አይኖርበትም፣ የመጀመሪያው ገዢም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይሸጠዋል። በዚያ ቤት ከ40 ዓመት በኋላ የሚተኛው ሕፃን ምርጫ አልተሰጠውም። ጎረቤቱም፣ ወደ ነበልባሉ የሚገባው የእሳት አደጋ ሠራተኛም አልተጠየቁም።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሕጉ የሚነካው አዲስ ቤት ብቻ ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት ከ2,500 የሚበልጡ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ድሆችና አረጋውያን ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚኖሩት በአሮጌ ቤቶች ነው። በተሠራ ቤት ውስጥ ኮርኒስ አፍርሶ ቧንቧ መዘርጋት ወጪው ከባድ ስለሆነ አሮጌውን ቤት ሁሉ ማስገደድ አይቻልም። ስለዚህ መንግሥት አዲሱን ቤት በሕግ ሲያስገድድ፣ ለአሮጌው ቤት የጭስ ደወል በነፃ ማደልና ባትሪውን እየዞሩ መመርመር አብሮ ሊታቀድ ይገባል። አለበለዚያ ከአደጋው በይበልጥ የሚጠበቀው ቀድሞውኑ የተሻለ ኑሮ ያለው ሰው ብቻ ይሆናል።

መሣሪያው በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶችም ይግባ የሚል ሰው ቢነሣ፣ እኔ በበኩሌ ለጊዜው አልስማማም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ያለ ማጠራቀሚያ የተዘረጋ ቧንቧ ባዶ ቱቦ ነው። በፎቅ ሕንፃዎች ማጠራቀሚያና ፓምፕ ስለሚኖር ሊታሰብበት ይችላል። ቤት ከቤት ተጣብቆ በተሠራበት መንደር ግን ያው ገንዘብ ያረጀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ለመለወጥና የእሳት አደጋ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ለመክፈት ቢውል የበለጠ ሕይወት ያድናል።