በዋና፣ በቢሲክሌትና በሩጫ ስለ መወዳደር፤ በቤታችንም ስላመጣው ነገር

ስለ ቤተ ሰብ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ልጅን ስለ ማስተማር ነው። እኛ ግን ዛሬ ከልጅ ስለ መማር እንጽፋለን። ነገሩ የደረሰው በራሳችን ላይ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ብናፍርበትም ሳንደብቅ እንናገራለን።

በምንኖርባት በካሊፎርኒያ ባለችው በሳንዲዬጎ ከተማ ሚሽን ቤይ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። መስከረም 15 ቀን 1967 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1974) ጃክ ጆንስተንና ዶን ሻናሃን የሚባሉ ሁለት የከተማው የሩጫ ማኅበር ሰዎች፣ ሩጫን፣ ቢሲክሌትንና ዋናን በአንድነት ያጋጠመ ውድድር በዚህ ወሽመጥ ዳር አደረጉ፤ ስሙንም ትራያትሎን አሉት። የተወዳደሩትም 46 ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል የባሕር ኃይል መኰንን የነበሩት ጆን ኮሊንስና ባለቤታቸው ጁዲ ይገኙ ነበር። እነዚህ ባልና ሚስት ከጥቂት ዓመት በኋላ በሃዋይ አይረንማን የተባለውን እጅግ ረዥም ውድድር አቋቋሙ፤ በመጀመሪያው ቀን፣ የካቲት 11 ቀን 1970 ዓ.ም. (1978)፣ ከጀመሩት 15 ሰዎች የፈጸሙት 12 ብቻ ናቸው። ትራያትሎን በአውሮፓ አቈጣጠር በ2000 በሲድኒ ከኦሊምፒክ ውድድሮች ጋር ተቈጠረ።

እኛ የሞከርነው ስፕሪንት የሚባለውን ነው፤ ይኸውም 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ቢሲክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ሲነበብ ትንሽ ይመስላል።

ሩጫው አላስፈራንም፤ የደጋ ልጅ በእግሩ አይታማም። ያስፈራን ውኃው ነው። በተወለድንበት አገር ወንዝ በክረምት ሲሞላ ሰው የሚሻገረው የበቅሎ ጭራ ይዞ ነበር፤ እናታችንም ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እያሉ ያሳደጉን ስለ ሆነ፣ አርባ ስድስት ዓመት እስኪሆነን ድረስ ከጕልበታችን በላይ ውኃ ውስጥ ገብተን አናውቅም ነበር። አንድ ቀን ሐኪማችን ክብደታችንንና የደም ግፊታችንን አይቶ ብዙ ከገሠጸን በኋላ፣ በትምህርት ቤቷ ዋናተኞች መካከል ያለችው የአሥራ አራት ዓመት ልጃችን ስለ ውድድሩ የሚናገር ወረቀት አምጥታ ከምሳችን አጠገብ አኖረች። «አባባ፣ ዋናውን እኔ አስተምርዎታለሁ» አለችን። እኛም ሳቅን። እርስዋ ግን አልሳቀችም።

ይህችን ልጅ አባትና እናቷን አንቱ እያለች እንድትናገር አድርገን ነው ያሳደግናት። በመዋኛው ስፍራ ግን ከሁለተኛው ቅዳሜ በኋላ አንቱታው ጠፋ። ጀማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው ፊታችንን በውኃ ውስጥ ስናገባ ትንፋሻችንን አፍነን እንይዝ ነበርና፣ አየሩን በውኃው ውስጥ ማስወጣት ሲገባን ራሳችንን ስናነሣ ለማስወጣትም ለማስገባትም እየተጣደፍን ውኃ እንጠጣ ነበር። እርስዋም በዳሩ ላይ እየተከተለች «ተንፍስ! በውኃው ውስጥ ተንፍስ!» ትለናለች። በአጠገባችን የሚዋኙ ሕፃናት ዞረው ያዩናል። ልንቈጣ አሰብንና ተውነው፤ የምትለው ነገር እውነት ነበርና። አራት ወር ከፈጀብን በኋላ 750 ሜትር ሳንቆም መዋኘት ቻልን።

ዳሩ ግን የመዋኛ ገንዳ ባሕር አይደለም። በገንዳው ወለል ላይ የተሠመረውን መሥመር ተከትለው ይዋኛሉ፤ በወሽመጡ ውስጥ የሚታየው ጭጋግ የመሰለ አረንጓዴ ውኃ ብቻ ነው፤ መንገዱንም ለማወቅ በየጥቂቱ ዓይንን ከውኃ በላይ አውጥቶ ተንሳፋፊውን ምልክት መፈለግ ያስፈልጋል። በውድድሩ ጧት የጎማውን ልብስ ለብሰን ከመቶ ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ገባን። የጎማው ልብስ ያሞቃል፣ ያንሳፍፋልም፤ ነገር ግን አንገትን ያንቃል። ልጃችን ከኋላና ከዳር እንድንጀምር አስጠንቅቃን ሳለ እኛ በኵራት መካከል ገባን። ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደ ሄድን የአንዱ እግር መነጽራችንን መታው፤ ውኃው ገባ፤ ቅዝቃዜውም ደረታችንን ጨመቀው፤ ከዚያ በኋላ ትንፋሻችን አልታዘዝ አለን። የእናታችን ቃል ትዝ አለን፤ ልጆቻችንም በዳር ቆመው እንደሚያዩን አሰብን።

በዚህ ስፍራ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በዚህ ዓይነት ውድድር ከሚደርሰው ሞት የሚበዛው በዋናው ጊዜ እንደ ሆነ፣ ይልቁንም ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶችን እንደሚያገኝ ሐኪሞች መርምረው አስታውቀዋል፤ ስለዚህ ልቡን ሳያስመረምር የሚገባ ሰው ደፋር አይባልም። ሁለተኛም፣ በታንኳ የሚዞሩትን ጠባቂዎች መጥራት ውርደት አይደለም፤ የቆመች ታንኳ ይዞ ማረፍ፣ ወደ ፊት እስካልሳበች ድረስ፣ በደንቡ የተፈቀደ ነው። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቁ እየፈራ ዝም ይላል።

እኛም እጃችንን አነሣን። ታንኳይቱ መጣች፤ ጫፏን ያዝን። ጠባቂው ወጣት ምንም አልጠየቀንም፤ ዝም ብሎ ቆመልን። በዚያ ጊዜ በጆሮአችን የመጣው የልጃችን ድምፅ ነው፤ ተንፍስ። ፊታችንን በውኃ ውስጥ አግብተን አየሩን ቀስ ብለን አስወጣን፤ እንደ ገናም፤ እንደ ገናም። ስንት ደቂቃ እንደ ቆየን አናውቅም። ከዚያም ታንኳይቱን ለቀቅን።

ከውኃው ከወጣን በኋላ ያለው ታሪክ ይልቁንም የሚያስቅ ነው። የጎማው ልብስ ተረከዛችን ላይ ተጣብቆ በአሸዋው ላይ በመቀመጫችን ወደቅን፤ በአጠገባችንም አንዲት ሴት ልብሳቸውን በአንድ ጊዜ ገፈው አልፈውን ሄዱ፤ እንደ አገሩ ልማድ ዕድሜያቸው በባታቸው ላይ በቀለም ተጽፎ ነበርና 71 የሚል አነበብን። የራስ ቍራችንን ሳንቈልፍ ቢሲክሌቱን ከማቆሚያው ስናነሣ ዳኛው ጮኾ አስቆመን፤ መቈለፉ መቅደም አለበት። ከጎረቤት በተዋስነው ቢሲክሌት ፌስታ የምትባለውን ደሴት ስንዞር ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ በአንድ በኩል ረዳን፣ በሌላው በኩል ግን ብድሩን አስመለሰ። ለሩጫው በእግራችን ስንቆም ደግሞ፣ ያ የተመካንበት የደጋ እግር እንደ ግንድ ደረቀ። ከቢሲክሌት የወረደ እግር አሠራሩን እስኪለውጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለዚህም አስቀድሞ ከቢሲክሌት እየወረዱ ወዲያው ዐሥር ደቂቃ መሮጥን መልመድ ይገባ ነበር፤ እኛ አልለመድንም። በ2 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ፈጸምን። የሰባ አንድ ዓመቷ ሴት ከእኛ በፊት ደርሰው ብርቱካን ይበሉ ነበር።

ልጃችን ፎጣ ይዛ መጣችና «እንኳን ደስ አለዎት፣ አባባ» አለችን፤ አንቱታው ተመልሶ ነበር።

ባለቤታችን ግን በዚያን ቀን ደስ ከመሰኘት በቀር ምንም አላሉም። በማግሥቱ ቡና እያፈሉ ሳሉ፣ «ስድስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እርስዎ ከልጅዎ ጋር ውኃ ሲማሩ፣ ገበያውም፣ ወጡም፣ ትንሹም ልጅ በእኔ ላይ ነበሩ» አሉን። እውነት ነው። ለመመዝገቢያውና ለጎማው ልብስ የወጣውን ገንዘብ እያንዳንዱን ጽፈን ሳለ፣ የእሳቸውን ቅዳሜ ከወጪ አልቈጠርነውም ነበር። ይቅርታ ብንላቸው፣ ይቅርታው ይቅርና ተራውን እንድንሰጣቸው ጠየቁን። ጁዲ ኮሊንስ ከባላቸው ጋር እንደ ተወዳደሩ ያነበብንላቸው እኛው ነበርንና የምንመልሰው ቃል አልተገኘም።

ስለዚህ አሁን ቅዳሜ ጧት በመዋኛው ዳር «ተንፍሺ! ተንፍሺ!» የሚል ድምፅ ይሰማል ይሉናል። እኛ በዚያ ሰዓት ትንሹን ልጅ አጠገባችን አስቀምጠን ሽንኩርት ስናቍላላ ነን፤ እስከ ዛሬም ሁለት ጊዜ አሳርረናል።