ስለ ቤት ሒሳብ መዝገብ

በጎንደር አድባራት የመሬት ሽያጭና ስጦታ ከምስክሮቹ ስም ጋራ በወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ላሠሯት ለቍስቋም የተሰጠውም መሬት በመዝገብ ገብቷል። ለቤታችን ገንዘብ ግን ብዙዎቻችን አንዲት ቅጠል እንኳ የለንም።

የወገራ ገበሬ ገብሱን በኅዳር ያስገባል፤ በጥር ይደግሳል፤ በሐምሌ ይበደራል። ብድሩን ያመጣው ክረምቱ ሳይሆን ጥር መሆኑን የሚያሳየው መዝገብ ነው።

ሥራውም ቀላል ነው፤ ወረቀት አጥፎ በክር መስፋት፣ በቍርበት መለበድ፣ ገቢውን በግራ ወጪውን በቀኝ መጻፍ፣ የዘሩንና የዕቁቡን ገንዘብ አስቀድሞ በየቅጠሉ መለየት። እኔም የሰውን ሒሳብ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ደመወዝ መጻፍ የጀመርሁት ዘግይቼ ነው፤ በመጀመሪያው ወር ለግብዣ የወጣውን ባይ አፈርሁ። ሹሙ በቤቱ ሳይዝ ገበሬውን ያዝ ቢለው ማን ይሰማዋል? ስለዚህ በመስከረም መጀመሪያ የሚሰፋው መዝገብ የሹሙ ይሁን።