የጫጩት ሣጥን ሙቀትና አየር

ባለፈው ሳምንት ስለ ዶሮ መኖ ጽፈን ነበር። ዛሬ ስለ ጫጩት ሣጥን እንጽፋለን።

ዶሮዋ ቶሎ እንቁላል እንድትጥል ጫጩቶቿን የሚነጥል ሰው አለ። ታዲያ ጫጩቶቹን ማን ያሙቃቸው? የአንድ ቀን ጫጩት 35 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ቢቀንስ ይችለዋል። ከሰል ግን በተዘጋ ቤት አናንድድ። እንኳን ጫጩት ሰው ይገድላል።

ጭድ ይበቃል። ትንሽ ሣጥን በትልቅ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ መካከሉን በጭድ ጠቅጥቁት። ጭድ እንደ ጋቢ ነው። ራሱ አይሞቅም፤ የጫጩቶቹን የገላ ሙቀት ይይዛል እንጂ። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጫጩት ሣጥኑን አያሞቀውም፤ 15 ወይም 20 ይሁኑ። ቀን ቀን አውጧቸው፤ ሌሊት ይግቡ።

ብዙ ሰው ብርድ ፈርቶ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ይወትፋል። ይህ ነው ጫጩት የሚፈጀው። ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳሉ፤ ኩሳቸውም አለ። እርጥቡ አየር ካልወጣ ጉዝጓዙ ይርሳል፤ ጫጩቶቹ ይታፈናሉ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቀዳዳው በክዳኑ ላይ፣ በግራና በቀኝ ይሁን። ከታች በጎን ከሆነ ነፋሱ ይመታቸዋል። ወንፊት ሽቦም ምቱበት፤ አይጥ አለ።

የሙቀት መለኪያ የለንም ትሉ ይሆናል። ጫጩቶቹን እዩ። ተደራርበው ከጮሁ በርዷቸዋል። አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ፣ ክንፋቸውንም ከጣሉ፣ ሞቋቸዋል። ዘርዘር ብለው ጸጥ ካሉ ደህና ናቸው። ጠዋት ክዳኑን ስትከፍቱ ሽታው ዓይን ካቃጠለ አየር አንሷል። የራሰውን ጉዝጓዝ ጥረጉ፤ ቀዳዳውን አስፉ። በ6ኛው ሳምንት ግድም ላባቸው ሲሞላ ሣጥኑን ይለቃሉ።