ቾምቤ በገዛ ሥራው ይመዘን

ሞይዝ ቾምቤ የወገኖቹን መብት ያስከበረ ሰው ነበር እያሉ የሚሟገቱለት ዛሬም አልጠፉም። ካታንጋ የመዳብ አገር ስትሆን ሀብቷን ሌላው ይበላው ነበርና ራሷን ልትችል ይገባት ነበር ይላሉ። ቅሬታው ከመሠረቱ ሐሰት ነው አንልም፤ ነገር ግን ሰው በሥራው ይመዘናልና ሥራውን እንመልከት።

ኮንጎ ነጻ የወጣችው በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ከ11 ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 4 ቀን፣ ቾምቤ ካታንጋ ተለይታለች ሲል ዐወጀ። ግምጃ ቤቱን የሚሞላው ዩኒየን ሚኒየር የሚባለው የቤልጅግ የማዕድን ኩባንያ የሚከፍለው ግብር ነበር፤ ሠራዊቱንም የሚመሩት የቤልጅግ መኰንኖችና ቅጥረኛ ነጮች ነበሩ። በሌላ ሰው ገንዘብና በሌላ ሰው ጠመንጃ የቆመ ወንበር ነጻ መንግሥት ይባላልን? ከዓለም መንግሥታት አንዱ እንኳ አላወቀለትም።

በካታንጋ ሰሜን የሚኖሩት ባሉባዎች በአገዛዙ አናድርም ባሉ ጊዜ ጦር ሰደደባቸው፤ ለራሱ የጠየቀውን መብት ለጎረቤቱ ነፈገ። ፓትሪስ ሉሙምባም ጥር 9 ቀን 1953 ዓ.ም. ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ታስሮ ወደ ኤልዛቤትቪል በመጣበት ሌሊት በካታንጋ ሹማምንት ፊት ተረሸነ። መገንጠሉም በጥር 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወታደሮች ባሉበት በተባበሩት መንግሥታት ጦር ፈረሰ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የኋላው ነው። በ1956 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ይኸው ሰው ትቷት የሄደችው የኮንጎ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በምሥራቅ የተነሣውንም ዐመፅ እንደ ቀድሞው በቅጥረኛ ነጮች ወጋ። እንግዲህ ጠበቆቹ ይመልሱልን፤ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ መነሣት መብት ከሆነ በ1957 ዐመፀኞቹን ስለ ምን ወጋ? በደል ከሆነስ በ1952 እርሱ ራሱ ስለ ምን ተነሣ? ወንበሩ ሲለወጥ ቃሉም ተለወጠ፤ ያልተለወጠው ቅጥረኛው ብቻ ነው።

በ1959 ዓ.ም. የተሳፈረበት አውሮፕላን ተጠልፎ ወደ አልጄሪያ ተወሰደ፤ በዚያም በእስር ሳለ በሰኔ 1961 ሞተ። በእስረኛ ሞት ደስ የሚለን አይደለንም። ነገር ግን የሕዝብ ቅሬታ እውነተኛ በሚሆንበት ጊዜ ሁሉ፣ ቅሬታውን ይዞ የሚነሣውን መሪ ሁለት ነገር እንጠይቀው፤ ወታደርህን የሚቀልበው ማን ነው? አልከተልህም ያለህንስ ወገን ምን ታደርገዋለህ? ቾምቤ ለሁለቱም በሥራው መልሷል።