ሐጅ ለሚሄድ ሰው ምን ይዘን እንሂድ?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ስጦታ ነው። "ዶክተሩን ደሞ ምን ነካው?" እንዳትሉኝ፤ ትንሽ ታገሱኝ፣ ወደ ግፊቱና ወደ ስኳሩ መመለሳችን አይቀርም።

ነገሩን ያስነሳብኝ አንድ ሻንጣ ነው። የልጅነት ጓደኛዬ እናት ከጢቾ መጥተው፣ ሐጅ ሊሄዱ ጥቂት ሳምንት ሲቀራቸው "እስቲ ልጄ፣ ግፊቴን እየኝ" አሉኝ። አዮ እያልን ነው ያደግነው። ዕድሜያቸው 64 ነው፤ ግፊትም ስኳርም አለባቸው። ግፊታቸው ደህና ነበር። "የሚወስዱትን መድኃኒት ያሳዩኝ" ስላቸው ምራታቸው ሻንጣውን ከፈተችው። ስንቁ ከአሁኑ ተሸክፏል፤ እኔም አብሬ አየሁት።

ከላይ ሁለት ጋቢ። ከሥሩ አንድ ትልቅ ዕቃ ጭኮ፣ በፌስታል ላይ ፌስታል የተጠቀለለ ማር፣ ከነካርቶኑ አዲስ ጫማ፣ ሦስት ሽቶ፣ ጎረቤት "ጅዳ ላለችው ልጄ አድርሱልኝ" ብላ የሰጠቻቸው የተሰፋ ጥቅል። ከዚያ ደሞ በደብተር ወረቀት የተጻፈ የሰው ስም ዝርዝር አለ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አዮ ሲመለሱ ምን ይዘው እንደሚመጡ ተጽፏል፦ መስገጃ፣ ዘምዘም፣ ቴምር፣ ጀለቢያ፣ የልጅ ጫማ። መድኃኒታቸውስ? ከሻንጣው ጥግ፣ የተቋጠረ ፌስታል ውስጥ፣ ነጩ ኪኒን ከነጩ ኪኒን ጋር ተቀላቅሎ። ስም የለው፣ ካርቶን የለው። ቆጠርነው፤ ለ12 ቀን ብቻ የሚበቃ ነው። የሚቆዩት ግን ወር ገደማ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሰጠው ሰው በፍቅር ነው የሰጠው። ጢቾ ውስጥ አንድ ሰው ሐጅ ሊሄድ ነው ከተባለ ደጁ አይዘጋም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፣ "ዱዓ አድርጉልን" ይላል። ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነው። ነውሩም ደስ የሚል ነውር ነው፤ እኔ እንዲጠፋ አልፈልግም። ቅሬታዬ ሌላ ነው፦ ስጦታ ስንመርጥ የምናስበው "ምን ይዤ ብሄድ አያሳፍረኝም?" ብለን ነው። ሰውዬው እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚያጋጥመው አናስብም።

የሚያጋጥመውን ልንገራችሁ። ጢቾ ደጋ ነው። በሰኔ የአርሲ ደጋ ዝናብና ጭጋግ ነው፤ ሰው እሳት ዳር ይቀመጣል። የ2016 ዓ.ም. ሐጅ የዋለው በዚያው በሰኔ ነበር፤ መካ በታላቁ መስጊድ አካባቢ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። በዚያ ሐጅ 1,301 ሰው መሞቱን የሳዑዲ መንግሥት ራሱ አስታውቋል። አብዛኞቹ ፈቃድ ሳይኖራቸው የሄዱና በፀሐይ ውስጥ ረጅም መንገድ ያለመጠለያ የተጓዙ ነበሩ። ሐጅ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ ወቅቱ ትንሽ ይቀየራል፤ ግን መካ በግንቦትም ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ሰውነታችን ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። አውሮፕላኑ ግን ሰዓታት ብቻ ነው የሚፈጅበት። በዚያ ላይ ዕድሜ ሲገፋ የውኃ ጥም ስሜት ይቀንሳል፤ ሰውየው ውኃ አጥሮት ሳለ "አልጠማኝም" ይላችኋል። ለግፊት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ደሞ የሚያሸኑ ናቸው፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ከሌላው ቀድሞ ይደርቃል። ይኼ ማለት መድኃኒቱን ያቁም ማለት አይደለም (እባካችሁ እንዲህ ብሎ የሚመክር ዘመድ ካለ ዝም አስብሉልኝ)፤ ከመሄዱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስጦታ፦ ነጣ ያለ ቀለም ያለው ቀላል ዣንጥላ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል የውኃ መያዣ፣ እና አሥር ፓኬት ኦ.አር.ኤስ.። ወንዶች ኢሕራም ላይ ሳሉ ራሳቸውን በኮፍያ ወይም በጨርቅ መሸፈን አይፈቀድላቸውም፤ ዣንጥላ ግን ይፈቀዳል። ኦ.አር.ኤስ.ን ጥቅሉ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ነው የሚበጠብጡት። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው፣ ስኳር ያለበትም ቢሆን፣ መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ዋጋው? ከሦስቱ ሽቶ ያንሳል።

በጋቢው ስስቅ አዮ ገሠጹኝ። "ውጪው እሳት ነው፣ አውቶቡሱና ማደሪያው ውስጥ ግን እንደ ጢቾ ነው አሉ የሄዱት" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ኤርኮንዲሽኑ አጥንት ይገባል። አንዱን ጋቢ አስቀረን፣ አንዱን በቀላል ነጠላ ተካነው። የሐኪም ምክር ሁሉ ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ጫማው። ይኼ ነው ሆዴን የሚበላኝ።

ከሶፋ እስከ መርዋ ሰባት ጊዜ መመላለስ ብቻውን ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጠዋፉ አለ፤ የሚና መንገድ አለ። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው የእግሩ ነርቭ ስለሚደነዝዝ ጫማው ሲልጠው አይሰማውም። አንድ አባት አውቃለሁ፤ ልጆቻቸው ተሰባስበው ደህና ጫማ ገዝተው፣ በሽኝቱ ዕለት አለበሷቸው። ሰውየው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ተረከዛቸውና ጣቶቻቸው የተላጡት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ሕመም ስለሌለው ግን አላዩትም። ሲመለሱ ቁስሉ ይሸት ነበር። ሁለት ጣት ተቆረጠ። ስለ ሐጃቸው ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል፤ ልጆቻቸው ባሉበት ግን ስለ ጫማው አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

ጫማ መስጠት ከፈለጋችሁ ቢያንስ ከአንድ ወር ቀድማችሁ ስጡ። ሲመሽ ይለኩት፤ እግር ቀን ሲውልበት ያብጣልና። ከዚያ ጢቾ ገበያ፣ መስጊድ፣ ለቅሶ ቤት ተደርጎ ይላመድ። ወንዶች ኢሕራም ላይ የሚያደርጉት ጫማ የራሱ ሕግ አለው፤ እሱን ኡስታዞችን ጠይቁ። ከጫማው ጋር አንዲት ትንሽ መስታወት ስጡ። ማታ ማታ ውስጥ እግራቸውን የሚያዩባት ናት። ቀልድ አይደለም፤ ስኳር ላለበት መንገደኛ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ በዚህ ዋጋ አላውቅም።

ሽቶው ብዙ አያከራክርም፦ ኢሕራም ላይ ሽቶ አይቀቡም፣ በሚሸት ሳሙናም አይታጠቡም። ሽታ የሌለው ሳሙናና ሽታ የሌለው ቫዝሊን ግን ወርቅ ነው። ያልተሰፋ ጨርቅ ለብሶ በሙቀት ሲራመድ የዋለ ወንድ ጭኑ መካከል ይላጣል፤ ይህን ለማንም አይናገርም፣ እያነከሰ ይዞራል። ለአባታችሁ ቫዝሊኑን ስትሰጡ ለምን እንደሆነ በጆሮው ንገሩት። ሌላው ደሞ ምላጭ ነው። ከሥርዓቱ በኋላ ፀጉር ይላጫል፤ ሌላው የተላጨበት ምላጭ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤች.አይ.ቪም ሊያስተላልፍ ይችላል። ያልተከፈተ የራሱ ምላጭ ይኑረው፤ በእጅ ቦርሳ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ።

መድኃኒት መስጠትስ? እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። የራሳቸውን መድኃኒት ለወሩ ሙሉ፣ ትንሽም ትርፍ አድርጋችሁ ብትገዙላቸው ትልቅ ስጦታ ነው። ከነካርቶኑና ከሐኪም ማዘዣው ጋር፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ ቢያንስ ግማሹ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ሻንጣ ይጠፋል። ኢንሱሊን ከሆነ ከአውሮፕላኑ ዕቃ መጫኛ ጋር ጨርሶ አይሂድ።

ሌላው ግን "ለእግር ሕመም ይሆንዎታል" እየተባለ በኪስ የሚሸጎጠው ኪኒን ነው። ይህን አልደግፍም። ትራማዶልን የመሰለ መድኃኒት ሳዑዲ ውስጥ ቁጥጥር የሚደረግበት ነው፤ "ከፋርማሲ ነው የገዛሁት" ማለት ኬላ ላይ አያድንም። ዳይክሎፌናክ ደሞ ሕጋዊ ቢሆንም፣ ግፊት መድኃኒት ለሚወስዱና በሙቀት ውኃ ላጠራቸው አዛውንት ኩላሊት አደገኛ ነው። ለሕመም ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል።

የተሰፋውን ጥቅል አስፈታሁት። ጎረቤትየዋን ጠርጥሬ አይደለም፤ አዮ ውስጡ ምን እንዳለ ስለማያውቁ ነው። በርበሬና የሕፃን ልብስ ሆኖ ተገኘ፤ አፈርኩ፣ ግን አልተጸጸትኩም። ጫት እዚያ የሚታየው እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ያላዩትን ዕቃ ለሰው ብለው የሚይዙ እናት፣ በማያውቁት ቋንቋ ኬላ ላይ ምን ብለው ያስረዳሉ? ዕቃ የምትልኩ ሰዎች ፊታቸው ከፍታችሁ አሳዩአቸው። እምቢ ቢሏችሁም አትቀየሟቸው።

ጭኮውን ነካሁት? አልነካሁትም! የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ ለመንገደኛ የተሠራ ምግብ ነው፤ ሳይበላሽ ይሰነብታል፣ እሳት አይፈልግም፣ ሁለት ጉርሻ ያቆማል። ስኳር መድኃኒት ወስዶ ምግብ ለዘገየበት ሰው እጅ ላይ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን አንድ ሰው ያን ያህል ዕቃ አይጨርስም፤ በሙቀቱ ቅቤውም ይቀልጣል። ትንሽ፣ በደንብ የሚከደን ዕቃ ይበቃል። ስኳሩ በድንገት ወርዶ ላብ ላብ ሲላቸው ግን የሚያነሳው ጭኮ ሳይሆን ቶሎ የሚሠራ ጣፋጭ ነው፤ ከረሜላ ኪስ ውስጥ ይኑር።

በገንዘብ የማይገዛ ስጦታ ካላችሁ ሁለት ልጠቁም። አንደኛው አብሮ መሄድ ነው፤ መካ ሳይሆን ክትባት። የማጅራት ገትር ክትባት ሳዑዲ ከመግባት ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከጢቾ ለዚህ ጉዳይ አሰላ ወይም አዲስ አበባ መመላለስ ለአንድ አዛውንት ቀላል አይደለም። እጃቸውን ይዞ ወስዶ ቢጫ ካርዱን እንዲይዙ የሚያደርግ የወንድም ልጅ፣ ማር ካመጣው አይበልጥም?

ሁለተኛው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ነው። አዮ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራሉ፤ ዐረብኛ ከዱዓ ውጪ አያውቁም። በሙቀት ራሳቸውን ቢስቱ ማን ይናገርላቸው? ምራታቸው ቁጭ ብላ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ጻፈችው፦ ስማቸው፣ ስኳርና ግፊት እንዳለባቸው፣ የመድኃኒቶቹ ስም ከነመጠኑ፣ የቡድኑ መሪ ስልክ፣ የማረፊያው ስም። ከጀርባው ደሞ የሳዑዲ ቀይ ጨረቃ የአምቡላንስ ቁጥር፣ 997። ፕላስቲክ አስለበስነው። ለቡድናቸው ሰዎችም እንዲህ አልኩ፦ የሚያወራውን የሳተ፣ ሰውነቱ የጋለ ሰው ካያችሁ "ትንሽ ይረፍ" አትበሉ፤ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ውኃ እያፈሰሳችሁበትና እያራገባችሁ አምቡላንስ ጥሩ።

ያ የስም ዝርዝር ቀረ። 23 ስም ነበረበት። አዮ ልጆቻቸው ያዋጡላቸውን የኪስ ገንዘብ ለዚያ ነበር የመደቡት፤ ውኃና ምግብ ላይ ሊቆጥቡ። ከዒባዳቸው ተርፎ በሚያገኙት ጊዜ በዚያ ሙቀት ሱቅ ለሱቅ ሊዞሩ። "ምን ላድርግ፣ ስጦታ ተቀብዬ ባዶ እጄን ልመለስ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እውነትም ያስቸግራል። ምራታቸው ግን ስልኳን አውጥታ ከዝርዝሩ ላይ ላሉት አንድ በአንድ ደወለች። "አዮ ደህና ይመለሱልን እንጂ ምንም አታምጡ" ያላሉ ሁለት ብቻ ነበሩ። የተቀሩት ጭራሽ "ማን ጻፈኝ እዚያ ላይ?" አሉ።

ሻንጣው በግማሽ ቀለለ። ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆም ብለው "ላንተስ ምን ላምጣልህ?" አሉኝ። "ምንም" አልኳቸው። "ውሸታም! ቴምር ስትሰርቀኝ ነው ያደግከው" ብለው ወጡ።